የልጆቻችን አጥንት ምን እያለን ነው? ስለ ራጅ፣ ስለ ወጌሻና ዘግይቶ ስለሚመጣው መዋጮ



በብዙዎቻችን ቤት፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ ወይም ከፍራሽ ሥር፣ አንድ ትልቅ ፖስታ አለ። ውስጡ ያለው ራጅ ነው። የአያት ዳሌ፣ የአባት ደረት፣ ኳስ ሜዳ ላይ የወደቀ የታናሽ ወንድም ክንድ። ያ ራጅ ሲነሳ ቤተሰቡ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ተሰብሯል ወይስ አልተሰበረም?» አልተሰበረም ከተባለ «አልሐምዱሊላህ» ብለን ፖስታውን እናስቀምጠዋለን። አንዳንድ ጊዜ ግን ልጁ መታመሙን ይቀጥላል። ዛሬ መጻፍ የፈለግነው ሳይሰበር ስለሚታመም አጥንት ነው፤ ከእናትና ከአባት በሚወረሱ የ«ክምችት» በሽታዎች የተነሳ ቅርጹ ስለሚለወጥ፣ መቅኔው ስለሚጨናነቅ አጥንት።

ጉዳዩ ከገጻችን የወትሮ ርዕሶች የራቀ የሚመስለው ይኖራል። ነገር ግን በየከተማችን ጀርባው ጎብጦ የሚያድግ፣ ሆዱ ተነፍቶ እግሩ የቀጠነ፣ ከእኩዮቹ በቁመት የቀረና «ዐይን ነው ያገኘው» የተባለ ልጅ አይቶ የማያውቅ ወጣት አለ ብለን አናምንም። እነዚህ ልጆች ሁሉ የክምችት በሽታ አለባቸው አንልም። አብዛኞቹ የለባቸውም፤ በሽታዎቹ እያንዳንዳቸው ብርቅ ናቸው። እኛ የምንለው፣ ያለበትን ልጅ ከሌለበት ለመለየት የሚረዳው የመጀመሪያ ፍንጭ ብዙ ጊዜ ተራ በሆነ ራጅ ላይ ይገኛል ነው። ፍንጩ የሚጠፋው ደግሞ ሁልጊዜ መሣሪያ ስለሌለ አይደለም። ጠያቂ ስለሚጠፋም ነው።

መጀመሪያ «ክምችት» ያልነውን እናብራራ። በሰውነታችን ሕዋሶች ውስጥ ያረጀውን ነገር እየሰባበሩ የሚያስወግዱ ላይሶዞም የሚባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። ሥራውን የሚሠሩት በውስጣቸው ያሉት ኢንዛይሞች ናቸው፤ እያንዳንዱ ኢንዛይም የራሱ ድርሻ አለው። አንዱ ሲወለዱ ጀምሮ ከጎደለ ወይም ከደከመ፣ እሱ ሊሰባብረው የነበረው ነገር እዚያው ይቀመጣል። ቆሻሻ የሚያነሳው ጋሪ የቀረበትን ሰፈር አስቡት። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይመስልም፤ ሦስተኛው ወር ላይ ግን መተላለፊያው ይዘጋል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ልጆች ሲወለዱ ጤነኛ መስለው፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ምልክት የሚያሳዩት። ለዚህም ነው ሰፈሩ «ደህና ነበረ እኮ፣ ሰው ነው ያየው» የሚለው።

ክምችቱ የሚያርፈው በጉበት፣ በጣፊያ፣ አንዳንዱም በልብና በአንጎል ላይ ነው። አጥንትን ግን ብዙዎቹ አይምሩም። ሁሉንም መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሁለቱን እናንሳ።

አንደኛው ጎሼ ይባላል። ስያሜው ፊሊፕ ጎሼ ከተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ጣፊያዋ እጅግ ያበጠ የ32 ዓመት ሴትን ሕመም መዝግቦ የጻፈው እሱ ነው፤ ያየው ነገር የካንሰር ዓይነት መስሎት ነበር። የጎደለው ኢንዛይም የትኛው እንደሆነ የታወቀው በ1965 ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሮስኮ ብሬዲና ባልደረቦቹ ናቸው ያገኙት። ሁለተኛው ሞርኪዮ ነው። ሉዊስ ሞርኪዮ በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዮ የሚሠራ የሕፃናት ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1929 በአንድ ቤተሰብ ልጆች ላይ ያየውን የአጥንት መዛባት ጻፈ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ውስጥ ጄምስ ብሬይልስፎርድ የተባለ ሌላ ሐኪም ያንኑ በሽታ ለብቻው ገለጸ። ብሬይልስፎርድ ሥራው ራጅ ማንበብ ነበር። ኢንዛይሙ ምን እንደሆነ ማንም ሳያውቅ፣ ፊልም ብቻ አይቶ «ይሄ የተለየ በሽታ ነው» ማለት ተችሎ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ጀርባው ላይ ጉብታ ያወጣ ልጅ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ሐኪሙ ቀድሞ የሚያስበው የአከርካሪ ቲቢን ነው። ትክክልም ነው፤ ቲቢ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው፣ ካልታከመም እግር እስከ ማሽመድመድ ይደርሳል። ችግሩ የሚመጣው ጉብታ ሁሉ ቲቢ ሲሆንብን ነው። ከጎን የተነሳ ራጅ ላይ ቲቢ የራሱ መልክ አለው። ብዙ ጊዜ ሁለት ጎረቤት አንጓዎችን ይበላል፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ያጠፋዋል፣ ከላይና ከታች ያሉትን አንጓዎች ግን ደህና ይተዋቸዋል። ሞርኪዮና ዘመዶቹ እንዲህ አይደሉም። በሞርኪዮ የአከርካሪው አንጓዎች በሙሉ ጠፍጣፋ ይሆናሉ፤ ከፊት ለፊታቸው መሐል ላይ እንደ ምላስ የወጣ ነገር ይታያል። ሁርለር በሚባለው የዚሁ ቤተሰብ በሽታ ደግሞ ደረትና ወገብ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው አንጓ ከታች በኩል እንደ ወፍ መንቁር ይሾላል። በአንጓዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ግን እንደ ቲቢው ተበልቶ አይጠፋም።

ከሁሉ የሚገርመው ምስክር እጅ ነው። ጀርባው የጎበጠን ልጅ የእጁን መዳፍ ራጅ ማንሳት ለወላጅ ትርፍ ወጪ ይመስላል። ነገር ግን የጀርባ ቲቢ የመዳፍን አጥንቶች በሙሉ፣ በሁለቱም እጅ፣ ወደ አንጓ በኩል እንደ ተቀረጸ እርሳስ አያሾላቸውም። ይህን የሚያደርገው የክምችት በሽታ ነው። የጎድን አጥንቶችም ወደ ጀርባ ቀጠን፣ ወደ ፊት ሰፋ ብለው የጀልባ መቅዘፊያ ይመስላሉ። ሐኪሞች እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖራቸው ራስ ቅሉን፣ ደረቱን፣ አከርካሪውን ከጎን፣ ዳሌውን፣ እጁንና ጉልበቱን አንድ ላይ የሚያሳይ የራጅ ቅኝት ያዝዛሉ። አንድ ቦታ ብቻ ያየ ሰው የሚያመልጠው ነገር እዚህ ተሰብስቦ ይታያል። እና ሐኪሙ «እጁንም እንይ» ካለ «የታመመው ጀርባው ነው እኮ» ብላችሁ አትከራከሩ።

ሪኬትስም አለ። እግሩ የተጣመመ፣ የእጁ አንጓ ያበጠ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይና ቫይታሚን ዲ ያጣ ልጅ ነው፤ ይህ በእኛም አገር የታወቀ ነው። በሪኬትስ የአጥንቱ ጫፍ ራጅ ላይ ልክ እንደ ተላመጠ የሲዋክ ጫፍ ተበጣጥሶ ይታያል። ይህኛው ደስ የሚል በሽታ ነው ብንል አትቆጡን፤ መድኃኒቱ ርካሽ ስለሆነና በጥቂት ሳምንታትና ወራት ውስጥ የአጥንቱ ጫፍ ሲጠገን ፊልሙ ላይ ስለሚታይ ነው። ቫይታሚኑ በትክክል ተሰጥቶ ወራት አልፎም ምንም ካልተለወጠ ግን «ሌላ ነገር ይሆን?» ብሎ መጠየቅ የወላጅም መብት ነው። ለዚህ የመጀመሪያው ፊልም መቀመጥ አለበት። አዲሱን ከአሮጌው ጋር ሳያስተያዩ «ተሻለው» ወይም «ባሰበት» ማለት ግምት ነው።

የጎሼ መንገድ ደግሞ በሆድ በኩል ነው። ልጁ ይገረጣል፣ ቶሎ ይደክማል፣ አፍንጫው ይደማል፣ ጣፊያው ያብጣል። ጣፊያ ያበጠበት ልጅ ቆላ አካባቢ ከኖረ ወባ ይባላል፤ መተማ ወይም ሁመራ በኩል ከሆነ ካላዛር ይጠረጠራል። ሁለቱም ተገቢ ጥርጣሬዎች ናቸው፣ ሁለቱም ካልታከሙ ይገድላሉ፣ መጀመሪያ እነሱን ማጣራት ግድ ነው። ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ወይም ሕክምናው አልቆ ጣፊያው እንዳለ ሲቀርስ? ያኔ የጉልበት ራጅ ብዙ ሊናገር ይችላል። የጤነኛ ሰው የጭን አጥንት ከጉልበት ከፍ ሲል ወገብ እንዳለው ነገር ይቀጥናል። በጎሼ ይህ መቅጠን ይቀርና አጥንቱ ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል፤ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ያያችሁትን፣ አንገቱ ጠባብ ታችኛው ሰፊ የሆነ የመስታወት ፍላስክ ይመስላል። ይህ ቅርጽ በጎሼ ብቻ የሚታይ አይደለም፣ ታላሴሚያን በመሰሉ የደም በሽታዎችም ይኖራል። ካበጠ ጣፊያ ጋር አብሮ ሲታይ ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ጎሼ ያለበት ሰው አንዳንዴ የአጥንት ቀውስ ይይዘዋል። ድንገት ጭኑ ወይም ዳሌው ላይ የማይቻል ሥቃይ ይነሳል፣ ትኩሳት ይኖራል፣ ቦታው ያብጣል፣ ሲነኩት ይጮኻል። ቀኑ ሳይመሽ ወጌሻ ይጠራል። እኛ ወጌሻን የምንንቅ አይደለንም፤ አባቶቻችን የወለቀ ትከሻ በእነሱ እጅ ተመልሶላቸዋል። ይህ ግን የወለቀ ወይም የዞረ ነገር አይደለም። በተጨናነቀው መቅኔ ውስጥ ደም መድረስ ያቃተው አጥንት ነው፤ በቅቤ ማሸትና መጎተት ደም አይመልስለትም፣ የደከመውን አጥንት ግን ሊሰብር ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ትኩሳቱና እብጠቱ አጥንት ውስጥ መግል የያዘ ያስመስለዋል። መግል ነው ተብሎ በቢላ ከተከፈተ፣ ንጹሕ የነበረው አጥንት ከውጭ ጀርም ገብቶበት ለዓመታት የሚመግል ቁስል ሊሆን ይችላል። ጎሼን የሚያክሙ ሐኪሞች ይህን ቀድመው ከሕመምተኞች ሥቃይ ተምረውታል።

ተራው ራጅ አቅሙ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። በቀውሱ የመጀመሪያ ቀናት ፊልሙ ጤነኛ አጥንት ሊያሳይ ይችላል። የጭን አጥንት ራስ ሞቶ ራጁ ላይ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ «ራጁ ንጹሕ ነው» ማለት «ልጁ ሥራ ጠልቶ ነው» ማለት አይደለም። ኤምአርአይ ቀድሞ ያያል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዕድሜያችን እየጨመረ ሲሄድ የእጅና የእግር አጥንቶቻችን መቅኔ ከቀይ ወደ ቢጫ፣ ማለትም ወደ ስብ ይለወጣል፤ ስብ ደግሞ በአንድ ዓይነት የኤምአርአይ ምስል ላይ ነጭ ሆኖ ያበራል። የጎሼ ሕዋሶች መቅኔውን ሲሞሉት ስቡን ገፍተው ያስወጡታል፣ ሊያበራ የሚገባው ቦታም ይጠቁራል። መድኃኒት የሚያገኙ ሕሙማን ላይ ብርሃኑ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ሲመለስ በዚሁ ምስል ይከታተሉታል። ሱብሓነላህ፣ የተዘጋ አጥንት ውስጡን ሳይከፍቱ ማየት ማለት ይህ ነው።

ስለ ጨረር የምትፈሩ አላችሁ። የአንድ የእጅ ወይም የጉልበት ራጅ ጨረር በጣም ትንሽ ነው፤ ኤምአርአይና አልትራሳውንድ ደግሞ የራጅ ዓይነት ጨረር የላቸውም። ሲቲ ስካን ከራጅ የበለጠ ጨረር ስላለው ሐኪሙ ለምን እንዳዘዘው መጠየቅ ነውር አይደለም። እርጉዝ እህቶች መጀመሪያ ይናገሩ። በነገራችን ላይ ልጁ አንገት ላይ ብረት ነክ ነገር ያለበት ክታብ ከታሰረለት ፊልሙ ላይ ነጭ ጥላ ሆኖ አጥንቱን ይሸፍነዋል፤ ስለ ክታብ ዑለማኦቻችን ያሉትን እዚህ አንደግምም፣ ቢያንስ ለራጁ ግን አውልቁት።

አሁን በጣም የሚያሳስበን ነገር ላይ ደርሰናል፤ እሱም አንገት ነው። ሁለተኛው የአንገት አንጓችን ወደ ላይ የቆመ፣ እንደ ካስማ የመሰለ አጥንት አለው። ራሳችን ግራና ቀኝ ሲዞር በእሱ ዙሪያ ይዞራል፣ አንጓዎቹም እንዳይንሸራተቱ ይይዛል። ሞርኪዮ ያለበት ልጅ ላይ ይህ ካስማ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም። ስለዚህ ራሱ የተቀመጠው በሚወላወል አንገት ላይ ነው፤ ከኋላው የሚያልፈው ደግሞ መላ አካሉን የሚያዝዘው የነርቭ ገመድ ነው። ልጁ እግሩ እየከዳው ሲመጣ፣ ቶሎ ሲደክመው፣ ሽንቱን መቆጣጠር ሲያቅተው ሰው «ሰነፈ» ይለዋል። ገመዱ እየተጨነቀ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ይህን የሚያውቁት ልጁ ራሱ በጥንቃቄ አንገቱን ወደ ፊት ሲያጎነብስና ወደ ኋላ ሲያቀና በሚነሳ ራጅ፣ ከዚያም በኤምአርአይ ነው። ካስፈለገ አንጓዎቹን በቀዶ ሕክምና ያያይዟቸዋል።

ይህን ልጅ ወጌሻ አንገቱን ቢያሽከረክረው ምን እንደሚሆን አስቡት። ለሌላ ሕመም ኦፕራሲዮን ገብቶ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ሳያውቅ አንገቱን ወደ ኋላ ቢያጥፈውስ? ለኤምአርአይ ተብሎ ማስተኛ ሲሰጠውም እንዲሁ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው መከላከያ ውድ መድኃኒት አይደለም። አንድ የአንገት ራጅና «የዚህ ልጅ አንገት አይታጠፍም» የሚል አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ቁርኣን ቤት የምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። የሞርኪዮ ልጅ አእምሮው ሙሉ ነው፤ ሱራውን ከእኩዮቹ እኩል፣ አንዳንዴም ቀድሞ ይሐፍዛል። ቁመቱን አይቶ እንደ ሕፃን የሚያየው ሰው ነው የሚጎዳው። ማጅራቱን መምታት፣ ጆሮውን ይዞ መጎተት፣ በጨዋታ አንገቱ ላይ መንጠልጠል ለማንም ልጅ አይገባም፤ ለእሱ ግን አካለ ስንኩል ሊያደርገው ይችላል። ሐኪሙ አንገቱን እንዳያጎነብስ ካዘዘም ወንበር ላይ ተቀምጦ በምልክት ይሰግዳል። ዲናችን ለታመመ ሰው ያገራውን ነገር እኛ በዐይናችን አናክብድበት። ሶፍ ውስጥ ወንበር ላይ የተቀመጠ የአሥር ዓመት ልጅ ስታዩ «ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው» የሚለውን እይታ ዋጡት።

«መድኃኒቱ የለን፣ አውቀን ምን እናደርጋለን?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን። ከባድ ጥያቄ ነው፤ ተስፋ ለመስጠት ብለን አንዋሽም። ለጎሼ የጎደለውን ኢንዛይም በደም ሥር የሚተካ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አለ። ለሞርኪዮ አንዱ ዓይነት በ2014 ተፈቅዷል። ዋጋቸው ለአንድ ሰው በዓመት በመቶ ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው፣ ዕድሜ ልክም የሚወሰዱ ናቸው። የሞርኪዮው ደግሞ የተጣመመውን አጥንት አያቀናም። አምራቾች ለአንዳንድ አገሮች ሕሙማን በነጻ የሚሰጡባቸው መርሐ ግብሮች አሉ፤ ግን በር የሚከፈተው በምርመራ ለተረጋገጠ ሰው ነው። ራጅ ደግሞ ያመለክታል እንጂ አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው የኢንዛይም ወይም የዘረመል ምርመራ ነው፤ ለዚያም በማጣሪያ ወረቀት ላይ የደረቁ ጥቂት የደም ጠብታዎች ወደሚመረመርበት አገር ሊላኩ ይችላሉ።

መድኃኒቱ ባይገኝ እንኳ ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙ ይጠቅማል። ቲቢ የሌለበት ልጅ ለወራት የቲቢ ኪኒን ከመዋጥ ይድናል። ጎሼ እንዳለበት የታወቀ ልጅ ጣፊያው በችኮላ ተቆርጦ አይወጣም፤ ጣፊያቸው የወጣላቸው የጎሼ ሕሙማን ላይ የአጥንት ችግር ሲጠና በተደጋጋሚ ታይቷል። ቀውስ ሲይዘው ዕረፍትና የሕመም ማስታገሻ ይሰጠዋል፣ አጥንቱ አይከፈትም። የዳሌው መገጣጠሚያ ሳይፈርስ ሸክም ይቀነስለታል። የሞርኪዮው ልጅ አንገቱ ይጠበቃል። እናቱም ሌሊት ሌሊት «ምን በድዬ ነው?» እያለች ከማልቀስ ታርፋለች።

ስለ እናትየው ትንሽ እንበል። እንዲህ ያለ ልጅ በተወለደበት ቤት የመጀመሪያዋ ተከሳሽ እሷ ናት። በእርግዝናዋ ጊዜ ምን በላች፣ የት አመሸች፣ የእሷ ዘር ነው፣ የእሷ ጅን ነው። በእነዚህ በሽታዎች ከአብዛኞቹ ጀርባ ያለው እውነት ግን ይህ ነው፦ አባትና እናት ሁለቱም፣ ራሳቸው ሳይታመሙ፣ አንድ አንድ የተበላሸ ዘረመል ተሸክመዋል። በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሁለቱንም የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እኩል ነው። ሀንተር የሚባለው ግን ይለያል፤ እሱ በእናት በኩል ያልፋል፣ በብዛትም የሚይዘው ወንዶችን ነው፤ እሱም ቢሆን ማንም መርጦ ያመጣው ነገር አይደለም። የልጅ መታመም ሰበብ ሆኖ የሚፈታ ትዳር፣ ሁለተኛ የሚገባ ባል እናያለን፤ «ጤነኛ ትወልድልኛለች» ብሎ። የአላህን ቀደር በአንዲት ሴት ላይ መለጠፍ ከየትኛው ኪታብ የተገኘ ነው?

ሩቅያን የሚቃወም የለም። ዐይንም ሐቅ ነው ብለን እናምናለን። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን ያዘዙ መሆናቸውን የማያውቅ ሙስሊም የለም፤ ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጣላም። ልጁን እየቀራችሁበት ራጅ አስነሱት፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ያሳዘነን ነገር «ሩቅያው እስኪያልቅ ሐኪም ቤት አትሂዱ» የሚሉ ሰዎች መብዛታቸው ነው። ቁርኣን የሚቀራ ሰው ራጅ የሚፈራበት ምክንያት አይገባንም።

በዘመድ መካከል ስለሚደረግ ኒካሕም ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሸሪዓችን የአጎትና የአክስት ልጅን ማግባት ፈቅዷል፤ የተፈቀደውን እኛ አንከለክልም። አፋር ወንድሞቻችን አብሱማ የሚሉት ትልቅ ማኅበራዊ ሥርዓት ነው፤ በሌሎችም ሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ የዘመድ ጋብቻ አለ። የተፈቀደ ማለት ግን የታዘዘ ማለት አይደለም። በአንድ ቤት ውስጥ አጥንቱ የተዛባ፣ ጣፊያው ያበጠ፣ በልጅነቱ የሞተ ሰው ካለ፣ ያ ዘረመል በአያት በኩል ለብዙ የአጎት ልጆች ደርሶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለው ቤት ከኒካሕ በፊት መጠየቅ ውርደት አይደለም። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከጋብቻ በፊት የደም ምርመራን ግዴታ አድርጋለች፤ ሲጀመር የታሰበው ለታላሴሚያና ለሲክል ሴል ነበር። ውጤቱን ሰምተው መጋባት ለተጋቢዎቹ የተተወ ነው፤ ግን አውቀው ነው የሚገቡት። በእኛ ቤት የታመመው ልጅ ራጅና የምርመራ ወረቀት ለታናናሾቹና ለአጎት ልጆቹም ዕውቀት ነው። ደብቆ ማስቀመጥ ሌላ ቤት ውስጥ ሌላ ልጅ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

በመጨረሻ ስለ ገንዘብ። በየሳምንቱ ቴሌግራም ላይ የታመመ ወንድም ወይም እህት ፎቶና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይለጠፋል፤ ሕንድ ወይም ቱርክ ሄደው እንዲታከሙ ሰው ይረባረባል። ማሻአላህ፣ ይህ የኡማው መልካም ገጽታ ነው፣ ይቀጥል። ነገር ግን መዋጮው የሚመጣው መቼ ነው? የጭን አጥንት ራስ ከፈረሰ በኋላ፣ እግር ከሸፈፈ በኋላ፣ ልጁ ከአልጋ መነሳት ካቃተው በኋላ። ለአንድ ታማሚና ለአንድ አስታማሚ የአውሮፕላን ቲኬት የሚወጣው ብር ስንት ልጆችን ራጅ እንደሚያስነሳ ተቀምጣችሁ አስሉት። የሚያስለቅስ ፎቶ የሌለው፣ ገና በእግሩ የሚሄድ ልጅ ግን መዋጮ አይሰበሰብለትም። እኛ የምንሟገተው ለዚህ ልጅ ነው።

ስለዚህ የየመስጂዱ ወጣት ጀመዓ ከሰደቃ ሣጥኑ ትንሽ ድርሻ ለምርመራ ብቻ ይለይ እንላለን። ብዙ አይደለም፤ ሐኪም ራጅ አዝዞላቸው በብር እጦት ወደ ቤት ለሚመለሱት። ኤምአርአይ የሚያስፈልገው ልጅ ሲገኝ፣ ማሽኑ ያለው አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ስለሆነ፣ የመኪና፣ የማደሪያና የአንድ ቋንቋ የሚችል አጃቢ ወጪ ይጨመርበት። ከዘካ ይቻል እንደሆነ የአካባቢያችሁን ዓሊሞች ጠይቁ፤ ድሃና ሚስኪን ሕመምተኛ ከተቀባዮቹ ውጭ ይሆናል ብለን አናስብም።

ገንዘብ የሌላችሁ ወጣቶችም የምትሠሩት አለ። በየቤታችሁ ያሉትን ፖስታዎች አውርዱ። ፊልም ሙቀትና እርጥበት ያበላሸዋል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥርና ከግድግዳ ርጥበት አርቁት። በሲዲ የተሰጣችሁ ከሆነ ቅጂ ያዙ። ፊልሙን በስልክ የምታነሱት ከሆነ ብርሃን ባለው መስኮት ላይ ደግፋችሁ፣ ሙሉውን፣ ጽሑፉ ሳይቆረጥ አንሱት፤ ለሐኪሙ ላኩት እንጂ የልጁ ስም እየታየ ግሩፕ ላይ አትበትኑት። የሐኪሙን የጽሑፍ ንባብ ከፊልሙ አትለዩ፤ ንባብ ካልተሰጣችሁ ጠይቁ። በፖስታው ጀርባ ላይ ደግሞ ልጁ ስንት ዓመቱ እንደነበረ፣ የት ቦታ እንዳመመው፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ጣፊያው አብጦ እንደሆነ፣ እናትና አባቱ ይዛመዱ እንደሆነ፣ ከወንድምና እህቶቹ እንደሱ የሆነ ይኖር እንደሆነ በእስክሪብቶ ጻፉበት። ቀጣዩ ሐኪም ፖስታውን ሲቀበል መጀመሪያ የሚያነበው ያንን ነው።